«ሹመት ያዳብር» ካልን በኋላስ?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር



ሊቀመንበራችን ስለ ወታደር ቤት እንድናገር ስትጠይቀኝ ትንሽ አመንትቼ ነበር። ሰው ወታደር መሆኔን ሲሰማ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ «ጦር ሜዳ ገብተሽ ታውቂያለሽ?» እና «ደሞዙ ስንት ነው?»። «ለምን ወጣሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን የሁለት እህቶቻችን ሴት ልጆች ሊመዘገቡ መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለቱ ከበደኝ።

በአሜሪካ ምድር ጦር 14 ዓመት አገልግዬ ያለ ጡረታ ነው የወጣሁት። አላጠፋሁም፤ አልተቀጣሁም። የመሰናበቻ ወረቀቴም «በክብር» ነው የሚለው። የወጣሁት በማዕረጌ ልቆይ የምችልበት ጊዜ ስላለቀ ነው። ይህ ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሴትን እንዴት እንደሚይዛት፣ እኛስ እንደ ማኅበር ምን ልናደርግ እንደምንችል እነግራችኋለሁ። ከአባቴ ታሪክ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍ በይ፣ አለዚያ ውጪ

አባቴ ወታደር ነበር። ሃምሳ አለቃ ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ፤ በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተንም በዚያው ማዕረግ ነበር። «ከፍ ስላላልክ ሂድ» ያለው ሰው አልነበረም። እኔም እዚህ ጦር ስገባ ያሰብኩት እንደዚያው ነው። ሥራዬን በሚገባ ከሠራሁ፣ ማዕረግ ቢዘገይብኝም እቆያለሁ፤ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ጡረታዬን ይዤ እወጣለሁ አልኩ። ስህተቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እዚህ አገር ደንቡ «ከፍ በል፣ አለዚያ ውጣ» ነው። ለመኮንኖች ባሕር ኃይሉ በ1916 ጀመረው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ለሌሎቹም ሕግ ሆነ፤ ዛሬ የሚሠራበት የመኮንኖች አስተዳደር ሕግ ደግሞ የወጣው በ1980 ነው። ምክንያት አለው። ከጦርነቱ በፊት በዕድሜ የገፉ መኮንኖች ቦታውን ይዘው፣ ወጣቶቹ አንድ ማዕረግ ላይ ለዓመታት ይቀመጡ ነበር። ጄኔራል ማርሻል ጦሩን ለጦርነት ሲያዘጋጁ ከእነዚያ አንጋፋዎች ብዙዎቹን ማሰናበት ግድ ሆኖባቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሻምበል የሆነች መኮንን በአሥረኛው ዓመቷ ግድም ለሻለቃነት በቦርድ ትታያለች። ባትመረጥ አንድ ተጨማሪ ዕድል አላት። በሁለተኛውም ካልተመረጠች፣ ጦሩ በልዩ ሁኔታ ካላቆያት በቀር፣ በወራት ውስጥ ትሰናበታለች። 18 ዓመት ሞልቷት ከሆነ ግን ሃያውን እንድትጨርስ ይፈቀድላታል። ሌተና ኮሎኔል 28 ዓመት፣ ኮሎኔል 30 ዓመት ድረስ መቆየት ይችላሉ።

እንደ እኔ ከተራ ወታደርነት ለምንነሳውም ለእያንዳንዱ ማዕረግ የዓመት ጣሪያ አለ። ጣሪያው በየጊዜው ይለወጣል። ጦሩ ሰው መቀነስ ሲፈልግ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሰው ሲያጥረው ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የዛሬ አሥር ዓመት የገባ የአጎት ልጅ የነገራችሁ ቁጥር ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ወደ ላይ የሚያስወጣው መንገድም አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ማዕረጎች በጊዜ ይመጣሉ። ሳጅን እና ስታፍ ሳጅን ለመሆን ግን ነጥብ ይቆጠራል። ስፖርቱ፣ ተኩሱ፣ ሥልጠናው፣ ሽልማቱ፣ የኮሌጅ ትምህርቱ ተደምሮ እስከ 800 ይደርሳል። የማለፊያው ነጥብ ደግሞ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል፤ በየወሩም ይወጣል። ሰው ባጠረበት ሥራ ላይ ያለችው በትንሽ ነጥብ ታልፋለች። ሰው በሞላበት ሥራ ላይ ያለችው ብዙ ነጥብ ይዛ ዓመታት ትጠብቃለች። መልማዩ «የትኛውን ሥራ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ዓመት ብቻ አይደለም፤ ስለ አሥረኛው ዓመትም ጭምር ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእኔ 14 ዓመት

በ2007 በግሪን ካርድ ገባሁ። ዜግነቴን አገልግሎት ላይ ሆኜ ቶሎ አገኘሁ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። የተመደብኩት አቅርቦት ክፍል ነው። በ2011 ሳጅን ሆንኩ። ያን ቀን እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ «ሹመት ያዳብር!» ብላ እልል አለች።

በ2016 ጦሩ አዲስ ደንብ አመጣ። ከእንግዲህ ለማዕረጉ የተመደበውን ኮርስ ሳይጨርስ ማንም ማዕረጉን አይለጥፍም ተባለ። ለስታፍ ሳጅን የሚያስፈልገኝ ኮርስ ተራ ሊደርሰኝ ሲል እርጉዝ ነበርኩ። ክፍሌ «ከወለድሽ በኋላ ትሄጃለሽ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያኔ የነበረው አሠራር ይኸው ነው። ወለድኩ። ከዚያ ወደ ክብደት መጠኑ መመለስና ስፖርቱን ማለፍ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ጨርሼ ስመለስ የሥራዬ ማለፊያ ነጥብ ከፍ ብሎ ጠበቀኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ትዳሬ ፈረሰ። ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ወታደር የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ የሚባል ወረቀት መሙላት ግዴታዋ ነው። ነገ ለግዳጅ ብትጠራ ልጇን ወዲያው የሚረከበው ማን ነው? ግዳጁ ቢረዝም የሚያሳድገውስ ማን ነው? የሰዎቹ ስም፣ ፊርማ፣ ውክልና ሁሉ ተያይዞ ይቀርባል። ለአጭር ጊዜ የሚረከበው ሰው ወታደር ያልሆነና ቅርብ የሚኖር መሆን አለበት። ወረቀቱ ካልተሟላ ውል ማደስ ልትከለከል፣ ብሎም ልትሰናበት ትችላለች። የእኔን ልጅ ለመረከብ ፈርማ የነበረችው ጓደኛዬ ወደ ሌላ ስቴት ሄደች፤ እናቴ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ። የተሰጠኝ ቀነ ገደብ ሊያልቅ ሲል የዚህ ማኅበር አንዲት እናት «አምጪው፣ እኔ እፈርማለሁ» አለችኝ። ስሟን እንድጠራ አትፈልግም፤ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ኮርሱ ላይ ተመዝግቤ የነበረውን ቦታ ግን በዚያ ሩጫ መሃል አጣሁት።

በ2021 በማዕረጌ ጣሪያ 14 ዓመት ደረስኩ። በቃ፤ አለቀ።

ከዚህ ጋር አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በ2018 አዲስ የጡረታ ሥርዓት ተጀመረ። በአሮጌው ሥርዓት ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ከፍተኛ ከነበሩት የ36 ወራት መነሻ ደሞዙ አማካይ ግማሹን በየወሩ ያገኛል፤ ሃያ ያልሞላው ምንም አያገኝም። በአዲሱ ሃያ የሞላው 40 በመቶ ነው የሚያገኘው፤ ነገር ግን መንግሥት ከመነሻ ደሞዙ እስከ 5 በመቶ ድረስ በቁጠባ ሒሳቡ ይጨምርለታል። ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ያ ገንዘብ ቢወጣም የራሱ ነው። ከ12 ዓመት በታች ያገለገልን ሰዎች በዚያ ዓመት ውስጥ እንድንመርጥ ተጠየቅን። ማብራሪያው በኮምፒዩተር የሚታይ ነበር። ልጄን አስተኝቼ፣ እያንቀላፋሁ፣ «ቀጥል፣ ቀጥል» እያልኩ ጨረስኩት። ሃያ ዓመት እንደምሞላ እርግጠኛ ስለነበርኩ አሮጌው ላይ ቀረሁ። የማዕረጌን ጣሪያ ያኔ ቆጥሬው ቢሆን ኖሮ ሌላውን እመርጥ ነበር። በአሮጌው ሥርዓት ከአምስት ወታደር አራቱ ያህል ያለ ጡረታ ይወጡ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ስወጣ የመሰናበቻ ክፍያ ተሰጠኝ። ብዙ መስሎኝ ነበር፤ ዕዳዬን ከፈልኩበት። ለጉልበቴ ጉዳት በየወሩ ካሳ ሲፈቀድልኝ ግን የመሰናበቻው ክፍያ ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ ካሳዬ ተያዘ። ሕጉ ነው፤ ወረቀቱም ላይ ተጽፏል። እኔ ግን አላነበብኩትም ነበር።

«ወንዱስ አይወጣም?»

አንድ ዘመዴ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ታዲያ ደንቡ ለወንዱም ለሴቱም አንድ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ በወረቀት ላይ አንድ ነው። ነገር ግን ይህ ሰዓት አጥብቆ የሚሮጠው ሰው ከሃያዎቹ መጀመሪያ እስከ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ባለው ዕድሜው ነው። ኮርሱ፣ ነጥቡ፣ ግዳጁ፣ ቦርዱ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። የመውለጃችን ዘመንም ያው ነው። ወንዱ አባት በሆነበት ዓመት ኮርሱን ሊጨርስ ይችላል። እኔ እናት በሆንኩበት ዓመት አልቻልኩም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ በወረቀትም እኩል አልነበሩም። በ1948 ሴቶች በቋሚነት እንዲያገለግሉ ሲፈቀድ ሕጉ ቁጥራቸውን ከመቶ ሁለት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የጄኔራልነትን በርም ዘጋ። በ1951 ፕሬዚዳንት ትሩማን በፈረሙት ትእዛዝ ደግሞ ያረገዘች ወይም ትንሽ ልጅ ያላት ሴት ልትሰናበት ትችል ነበር። የማዕረግ ጣሪያው የተነሳው በ1967 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች፣ አና ሜይ ሄይስ እና ኤልዛቤት ሆይሲንግተን፣ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት በ1970 ነው። በዚያው ዓመት ሱዛን ስትራክ የምትባል የአየር ኃይል ነርስ ቬትናም ውስጥ አረገዘች፤ ማዕረጓ ሻምበል ነበር። ወይ ፅንሱን ታስወርዳለች፣ ወይ ከሥራ ትወጣለች ተባለ። እሷም ሁለቱንም እንቢ ብላ ከሰሰች። ከጠበቆቿ አንዷ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሩት ቤደር ጊንስበርግ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ከመስማቱ በፊት፣ በ1972፣ አየር ኃይሉ ውሳኔውን ሻረላት። እኔ እርጉዝ ሆኜ በሥራዬ መቆየት የቻልኩት እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ስለተከራከሩ ነው።

ዛሬም ቢሆን ልዩነቱ አልጠፋም። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ሪፖርት ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ከጦሩ የመውጣት ዕድላቸው በ28 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የሥራ ሰዓቱ፣ ግዳጁ፣ የልጅ ማሳደጊያው ጉዳይና ወሲባዊ ጥቃት ይገኙበታል። ቆጥራችሁ ብታዩት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ሥራ የምንሠራውም የምናውቃቸው ችግሮች ናቸው።

ለፍትሕ ያህል፣ የተሻሻለውንም ልናገር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለሴት የተዘጋ የሥራ ዓይነት እንዳይኖር ተወስኗል። በ2020 የመኮንኖች ቦርድ ፎቶግራፍ ማየት አቆመ። በ2022 ምድር ጦሩ እርጉዞችና የወለዱ ወታደሮች በኮርስ ምክንያት ወደ ኋላ እንዳይቀሩ መመሪያ አወጣ፤ የወለደች እናትም ለአንድ ዓመት ለግዳጅ እንዳትላክ ፈቀደ። አሁን ወላጅ የሆነ ወታደር፣ እናትም ሆነ አባት፣ 12 ሳምንት ፈቃድ አለው፤ እናት ከወሊድ የምታገግምበት ጊዜ ከዚያ ውጪ ነው። እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ከሥራ ወጥቶ፣ ሰዓቱ ቆሞለት፣ መመለስ የሚቻልበት ፕሮግራምም አለ። መኮንኖች ደግሞ በ2018 በወጣ ሕግ፣ በቂ ምክንያት ካላቸው፣ «ዘንድሮ ቦርድ አልቀርብም» ብለው ማመልከት ይችላሉ። የእኔ ኮርስ ተራ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ለሚገቡት ልጆቻችን

አትግቡ አልልም። ዜግነት፣ ሥራ፣ ዲሲፕሊን ሰጥቶኛል፤ አሁን የነርስነት ትምህርቴን የምማረው በወታደር የትምህርት ድጎማ ነው። ብቻ እያወቃችሁ ግቡ። አራት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሥራ ስትመርጡ «በዚህ ሥራ ሳጅንና ስታፍ ሳጅን ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? የማለፊያ ነጥቡ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ በመኮንንነት መግባት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለመኮንንነትና የምስጢር ፈቃድ ለሚጠይቁ ሥራዎች ዜግነት እንደሚያስፈልግ አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ውል ባደሳችሁ ቁጥር የማዕረጋችሁን የዓመት ጣሪያ እንደገና አረጋግጡ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

ሦስተኛ፣ የቁጠባውን ሙሉ 5 በመቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስቆርጡ። እናንተ ካላስቆረጣችሁ መንግሥት የሚጨምረው አንድ በመቶውን ብቻ ነው። የትምህርት ድጎማውን ለልጅ ማስተላለፍ የምትፈልጉም በሥራ ላይ እያላችሁ ነው ማመልከት ያለባችሁ፤ ከወጣችሁ በኋላ በሩ ይዘጋል።

አራተኛ፣ ጣሪያው ከደረሰባችሁ ሁሉም አለቀ ብላችሁ አትቁረጡ። እኔ ተጠባባቂ ጦር ገብቻለሁ። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በበጋም ጥቂት ሳምንት እሠራለሁ። በመደበኛው ጦር ያገለገልኩት 14 ዓመት ይቆጠርልኛል፤ ቀሪውን በተጠባባቂነት ስሞላ 60 ዓመት ሲሆነኝ ጡረታ አገኛለሁ። ያነሰና የዘገየ ነው፤ ግን አለ። ይህንንም የነገረችኝ አንዲት የፖርቶ ሪኮ ልጅ ናት፤ ቢሮው አልነበረም።

ከማኅበራችን የምጠይቀው

በ2018 ያ ወረቀት ሲመጣልኝ አብሮኝ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። የልጄን ወረቀት የፈረመችልኝ እናት ባትኖር ደግሞ የወጣሁት በ2021 ሳይሆን ከዚያ በፊት ነበር። አንዱን አገኘሁ፤ አንዱን አጣሁ። የምጠይቀው ሁለቱንም ለሚመጡት ልጆች እንድናዘጋጅላቸው ነው።

መጀመሪያ፣ በእንክብካቤ ዕቅድ ላይ ለመፈረም ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ዝርዝር ይኑረን። ፊርማው ቀልድ አይደለም፤ ሌሊት ስልክ ተደውሎ ልጅ ሊመጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ቢያንስ ሁለት ሴቶች እንመደብ፤ አንዷ ብትዛወር ሌላዋ ትኑር። ለሐዘንና ለደስታ እንደምንደራረሰው ሁሉ፣ ለዚህም መድረስ አያቅተንም።

ቀጥሎ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ወረቀት የምናነብበት ሰዓት ይኑረን። ወታደር ለሆነች ብቻ አይደለም፤ የሆስፒታሉን፣ የኤርፖርቱን፣ የመጋዘኑን የጡረታና የጥቅማጥቅም ወረቀት ይዛችሁ ኑ። እኔ በየወሩ እገኛለሁ። ደጋፊዎቻችን ልትረዱን የምትፈልጉ ከሆነም የምንፈልገው ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ እናት ለኮርስ ስትሄድ ለጥቂት ሳምንት ለሞግዚት የሚከፈል ነው። ያ ትንሽ ክፍያ ማጣት የአንዲትን ሴት ማዕረግ፣ ከማዕረጉም ጋር ጡረታዋን ሊያስቀር እንደሚችል አይታችኋል።

እናቴ ያን ቀን «ሹመት ያዳብር» ስትለኝ አሜን ብያለሁ። ምርቃቱ ደስ ይላል፤ አናስቀረውም። ግን ቀጣዩ የእኛ ልጅ ማዕረግ ስትለጥፍ፣ እልልታውን ከጨረስን በኋላ ሁለት ጥያቄ እንጨምርላት፤ «ቀጣዩ ኮርስሽ መቼ ነው? ልጅሽንስ ማን ይይዝልሻል?» ሁለተኛውን ለመመለስ ፈቃደኛ የሆናችሁ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስማችሁንና ስልካችሁን ጽፋችሁልን ሂዱ።